የብራውዘር መልክ ሊለወጥ ነው ሲባል



ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ያሰማሁት ንግግር በጽሑፍ እንዲወጣ ስለ ተጠየቅሁ፣ በቃል የተናገርሁትን ጥቂት አስተካክዬ፣ በሰዓት ጥበት ምክንያት የዘለልሁትንም ጨምሬ እነሆ አቅርቤዋለሁ። ነገሩ ስለ አንድ የኮምፒዩተር መሣሪያ መልክ ነው። ርእሱን አይተው «ይህ ደግሞ ምን ያነጋግራል?» የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ እኔም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲሁ ባልሁ ነበር። አሳቤን ያስለወጡኝ ጎረቤቴ ስለ ሆኑ ከእሳቸው እጀምራለሁ።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ሥራ ያሳለፉና በጡረታ የተገለሉ አዛውንት ናቸው። ሴት ልጃቸው በአሜሪካ ስለምትኖር ደብዳቤዋን የሚያነብቡትና የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶግራፍ የሚያዩት በኮምፒዩተር ነው። አጠቃቀሙን የተማሩት ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ሲሆን፣ የተማሩትም በመዝገብ ቤት ሥርዓት ነው። ይኸውም አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይዘው እያንዳንዱን እርምጃ በተራ ቍጥር ጻፉ። «አንደኛ፤ ከላይ ከግራ ሦስተኛዋን ምልክት መጫን። ሁለተኛ፤ ቢጫዋ እስክትመጣ መቈየት።» እንዲህ እያለ እስከ ዐሥራ አራት ይደርሳል። ምልክቶቹን የሚለዩአቸው በስማቸው ሳይሆን በቦታቸው ነበር። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ያህል ማንንም ሳያስቸግሩ ሠሩበት።

ከዕለታት አንድ ቀን ልጃቸው ከባሕር ማዶ ስልክ ደወለችልኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ስላጣች አባቷ የታመሙ መስሏት ኖሯል። ወደ ቤታቸው ብሄድ ጤነኛ ሆነው አገኘኋቸው፤ ኮምፒዩተሩ ግን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ዕቃውን ያበላሸሁት ይመስለኛል» አሉኝ፤ ነገሩንም ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ከፍቼ ባየው ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ብራውዘሩ በሌሊት ራሱን አድሶ መልኩን ለውጦ አድሯል፤ ከግራ ሦስተኛ የነበረችው ምልክትም ወደ ቀኝ ጫፍ ሄዳለች።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ያበላሹት ነገር የለም፤ ሠሪዎቹ ናቸው መልኩን የለወጡት» አልኋቸው።

«ሳይነግሩኝ?» አሉ።

የዚያን ብራውዘር ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ሁሉም የሚያደርጉት ነውና። ዳሩ ግን «ሳይነግሩኝ?» የምትለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለች፣ በሌላው ዓለም ሰዎች የብራውዘር መልክ ሊለወጥ ነው የሚል ጭምጭምታ ሲሰሙ ለምን እንደዚያ እንደሚቈጡ መመርመር ጀመርሁ። ቀድሞ ቍጣቸውን እንደ ሥራ ፈትነት እቈጥረው ነበር።

አሳቡን ለመከተል አንዳንድ ቃሎችን መግለጥ ይገባኛል። ብራውዘር ወይም የድር ማሰሻ ማለት የኢንተርኔትን ገጾች አምጥቶ በመስተዋቱ ላይ የሚያሳየን መሣሪያ ነው። በላዩ ላይ የገጹ አድራሻ የሚጻፍበት ረዘም ያለ ሰሌዳ አለ፤ ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች «የአድራሻ አሞሌ» ብለውታል። መልካም ስም ነው፤ የጨውን አሞሌ ለሚያውቅ ሰው ቅርጹ ወዲያው ይታየዋል። ልዩ ልዩ ትእዛዞች የተደረደሩበት ዝርዝር «ምናሌ» ይባላል። ብዙ ገጾች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ደግሞ እያንዳንዱ ገጽ በላይ በኩል የራሱ ምልክት ይኖረዋል፤ ይህንን ታብ ይሉታል። ታብ አመጣጡ ከመዝገብ ቤት ነው። በፋይሉ አቃፊ ጠርዝ ላይ ወጣ ብሎ የባለጉዳዩ ስም የሚጻፍበት ምላስ አለ አይደለም? ይኸው ነው። ምላሱን የያዘ ሰው ፋይሉን ያገኛል፤ ለጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላቸው በዚህ ነበር።

ለምሳሌ የምወስደው ፋየርፎክስ የሚባለውን ብራውዘር ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት ሥራው በአደባባይ የሚከናወን፣ የሠሪዎቹም ክርክርና ውሳኔ አብዛኛው ለማንም ሰው ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ የሚጻፍ በመሆኑ ነው። ሌሎቹ ድርጅቶች በዝግ ቤት የሚነጋገሩትን እነዚህ በግቢ ውስጥ ይነጋገሩታል፤ ስለዚህም ወሬው ቶሎ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፋየርፎክስ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው በኅዳር 2004 ሲሆን ባለቤቱ ሞዚላ የተባለው ድርጅት ነው። በመጋቢት 2011 አራተኛው እትም ሲወጣ፣ ከአድራሻው አሞሌ በታች የነበሩት ታቦች ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ በፊት በ2008 የወጣው የጉግል ክሮም ታቦቹን ከላይ አድርጎ ስለ ነበረ፣ ብዙዎች «የጎረቤትን ቤት አይታችሁ የእኛን ታፈርሳላችሁን?» የሚል ዓይነት ነቀፌታ አነሡ። ሆኖም በዚያን ጊዜ ታቦቹን ወደ ታች የመመለስ ምርጫ ለባለቤቱ ተትቶለት ስለ ነበረ ነገሩ በረደ።

በሚያዝያ 2014 ግን 29ኛው እትም አውስትራሊስ የተባለውን ንድፍ ይዞ መጣ። የንድፉ ሥዕሎች ከብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይታዩ ስለ ነበረ አቤቱታው ከለውጡ በፊት የተጀመረ ነው። የታቦቹ ጠርዝ እንደ ኮረብታ ክብ ሆነ፤ ትእዛዞቹም በቀኝ በኩል በሦስት አግድም መስመር በተመለከተች አንዲት አዝራር ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ታቦቹን ወደ ታች የመመለሱ ምርጫም ቀረ። በዚህ ጊዜ ክላሲክ ቲም ሪስቶረር የሚባል ቅጥያ ተሠራ፤ ሥራውም የቀድሞውን መልክ መመለስ ነበር። ቅጥያ ማለት ከብራውዘሩ ጋራ የሚገጠም ተጨማሪ መሣሪያ ነው። አዲሱን ያልወደዱ ሰዎች በዚህ ቅጥያ ተጠግተው ሦስት ዓመት ተኩል ቈዩ። በኅዳር 2017 ግን 57ኛው እትም ሲወጣ የቀድሞዎቹ ቅጥያዎች የተሠሩበት ዘዴ በጠቅላላ ስለ ተሻረ መጠጊያው አብሮ ፈረሰ። ከክቦቹም ታቦች ፋንታ ባለ አራት ማእዘኖቹ ተተኩ። ለእውነት ለመመስከር ይህ እትም ከቀድሞዎቹ እጅግ የፈጠነ ነበረ፤ ድካሙም ከንቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ እንድረስ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ሞዚላ ፕሮቶን የተባለ አዲስ መልክ እያዘጋጀ ነው የሚል ወሬ ተነሣ፤ የንድፉም ሥዕሎች በቴክኒክ ዜና ጸሐፊዎች እጅ ገቡ። ሥዕሎቹ ያልተፈጸሙ ነበሩ፤ ያም ሆኖ ፍርዱ በዚያው ቀን ተሰጠ። በሥዕሎቹ ላይ ታቦቹ ከበፊቱ ይልቅ ወፍረው፣ ከገጹም ተለይተው ብቻቸውን እንደሚንሳፈፉ ሆነው ይታያሉ። ቀደም ብዬ ስለ አቃፊው ምላስ የተናገርሁትን አስታውሱ፤ ፕሮቶን ምላሱን ከአቃፊው ቈርጦ በላዩ ላይ ያስቀመጠ ያህል ነው። ለዐይን ምናልባት ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ ምላስ የየትኛው ፋይል ነው የሚለውን ጥያቄ ዐይን በየጊዜው ራሱን እንዲጠይቅ ያደርገዋል። እኔ በበኩሌ ከነቀፌታዎቹ ሁሉ ይህ እውነት ያለበት ይመስለኛል። የቀለሙ ነገር ግን ብዙ የሚያከራክር አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ስለ ፋየርፎክስ ሌላ ወሬ ተናፍሶ ነበር፤ ቀበሮዋ ከዓርማው ላይ ልትነሣ ነው ተባለ። ይህ ሐሰት ነበር። በ2019 ሞዚላ የአገልግሎቶቹን ቤተሰብ በሙሉ ለሚወክል ስም ቀበሮ የሌለበት ሌላ ዓርማ አውጥቶ ነበርና፣ አንዳንዶች እሱን ከብራውዘሩ ዓርማ ጋራ አምታቱት። በየካቲት 2021 ድርጅቱ ቀበሮዋ ከቦታዋ እንዳለች የሚገልጥ ጽሑፍ እስከ ማውጣት ደረሰ። ይህን የምጠቅሰው ወሬኛን ለማሞገስ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ባዶ ጩኸት እውነተኛውን አቤቱታ እንደሚያስንቅበት ለማሳየት ነው። የቀበሮዋን ወሬ ሰምቶ የሣቀ ሠራተኛ፣ በማግስቱ ስለ ታቦቹ የተጻፈለትን አቤቱታ በዚያው ሣቅ ሊያነብበው ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ላስተውለው የሚገባኝ ግን በመጋቢት 2021 የሆነው ነገር ነው። ፋየርፎክስ የአዝራሮቹን ስፋት በሦስት ደረጃ ለመምረጥ የሚያስችል ነገር ነበረው፤ ከነዚህም አንዱ ጥቅጥቅ ያለው ነው። ይህን የመረጠ ሰው የላይኛው ሰሌዳ ቀጭን ስለሚሆንለት ለገጹ ብዙ ቦታ ያተርፋል። በክፍቱ መዝገብ ላይ ይህ ደረጃ እንዲቀር የሚል አሳብ ሲቀርብ፣ የተሰጠው ምክንያት ምርጫው ለማግኘት አስቸጋሪ በሆነ ቦታ ስለሚገኝ የሚጠቀሙበት ሰዎች ጥቂት እንደሚሆኑ መገመቱ ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ ይህን ምክንያት ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ሰው ወንበሩን በጓዳ ሸሽጎ ካስቀመጠ በኋላ «እንግዶች ስለማይቀመጡበት ይጣል» ቢል ምን ይባላል? ከዚህም በቀር መዝገቡ ሰዎቹ ስለ መቈጠራቸው የሚናገረው ነገር አልነበረም፤ የተባለው እንደሚገመት ነው። ሠሪዎቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይመስለኝም። ብዙ ደረጃ ባለ ቍጥር ለእያንዳንዱ ለውጥ ሁሉንም መፈተን አለባቸው፤ ድካሙ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በግምት የሚሻረው ነገር በማዶ ላለው ሰው የዕለት ሥራው ነበረ።

በዚህ ጊዜ አቤቱታ አቅራቢዎቹ ያደረጉት ነገር ያስመሰግናቸዋል፤ እርግጥ ሁሉንም ማለቴ አይደለም። ተሳዳቢዎችም ነበሩ፤ ነዳፊዎቹን አላዋቂ፣ ሌባ፣ የጉግል ተላላኪ የሚሉ ሞልተዋል። ሌሎቹ ግን የቀድሞውንና የአዲሱን መልክ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በትንሽ ላፕቶፕ ላይ ስንት መስመር ጽሑፍ እንደሚጠፋ አሳዩ። ይህን የምጽፍበት ኮምፒዩተር የመስተዋቱ ቁመት 768 ነጥብ ብቻ ነው። ከላይ የአድራሻው አሞሌና ታቦቹ፣ ከታች የኮምፒዩተሩ የራሱ ሰሌዳ ተቀንሶ በሚቀረው ጠባብ መስኮት ነው ንባቡ የሚካሄደው። በሰፊ መስተዋት ፊት ለተቀመጠ ነዳፊ ጥቂት ነጥብ መጨመር ምንም አይደለም፤ ለኔ ግን አንድ አንቀጽ ነው። በአገራችንም አገልግሎ የመጣ ትንሽ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚማርበት ተማሪ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

አቤቱታው ከንቱ አልቀረም። ሰኔ 1 ቀን 2021 ፕሮቶን በ89ኛው እትም ሲወጣ ጥቅጥቁ ደረጃ ፈጽሞ አልጠፋም። አስቀድመው መርጠውት ለነበሩት ሰዎች ተጠበቀላቸው፤ ለሌሎቹ ግን በተራቀቀው የማስተካከያ ክፍል ውስጥ ተሸሸገ፤ ድጋፍ የማይሰጠው መሆኑም በአጠገቡ ተጻፈበት። ግማሽ ድል ነው። ወንበሩ አልተጣለም፤ ወደ ባሰ ጓዳ ነው የገባው።

እዚህ ላይ የሠሪዎቹን ወገን አሳብ ሳልናገር ባልፍ ፍርዴ የተጣመመ ይሆናል። ብራውዘር እንደ ጠረጴዛ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ኮምፒዩተሮች በጣት የሚነኩ ሲሆኑ አዝራሮቹ ካልሰፉ ጣት ይስታቸዋል። ለዓመታት የተጨመሩ ትእዛዞች ካልተቀነሱ አዲስ ገቢው ሰው ይደናገራል። ፕሮቶንም ምናሌዎቹን አሳጥሯል፤ ሥራ የሚያቋርጡትን ማስጠንቀቂያዎችም ቀንሷል። ደግሞም ሰው የለመደውን ነገር መልካም ነው ማለት ይቀናዋል። በ2014 ክብ ታቦችን የረገሙ፣ በ2017 ክቦቹ ሲነሡ የናፈቁአቸው አሉ። ይህን የሚያይ ነዳፊ «ይጮኻሉ፤ ኋላ ይለምዱታል» ቢል አልፈርድበትም። እውነትም ብዙው ሰው ይለምደዋል።

ይሁን እንጂ «ይለምዱታል» የሚለው መልስ የሚዘነጋው ነገር አለ። በጨለማ ወደ ገዛ ቤቱ የሚገባ ሰው ክብሪቱን ዳብሶ የሚያገኘው፣ ቤቱ ስላማረ አይደለም፤ እጁ ቦታውን ስላወቀው ነው። ይህን የእጅ ዕውቀት ያከማቸው በብዙ ቀን ድካም ነው፤ ዋጋውን የከፈለው እሱ ነው እንጂ ሠሪው አይደለም። ለወጣት ሁለት ቀን የሚፈጅ ልምምድ ለሽማግሌ ሁለት ወር ሊፈጅበት ይችላል፤ ዐይኑ የደከመ ሰውም ጭራሹን ላይመለስ ይችላል። ጎረቤቴ ጨርቅ ያለበሱት ኮምፒዩተሩን ብቻ አልነበረም፤ የልጃቸውን ደብዳቤ ነበር።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ ለዚህ ንግግር ያነሣሣኝም ይልቁንም ይህ ነው። ከላይ የነገርኋችሁ ጎረቤቴ ከተቸገሩ በኋላ ተቀምጠን ደብተሩን እንደ አዲስ ጻፍነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አንድ ጕዳይ ልመለከትላቸው ስከፍተው ብራውዘሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድም ጊዜ እንዳልታደሰ አየሁ። ለካስ በሰፈሩ ያለ አንድ ቅን ልጅ፣ «ዳግመኛ እንዳይለወጥብዎ» ብሎ እድሳቱን ዘግቶላቸው ኖሯል። ልጁን መውቀስ አልቻልሁም፤ አዝኖላቸው ያደረገው ነው። ነገር ግን በብራውዘር ውስጥ በየጊዜው ሌባ የሚገባባቸው ስንጥቆች ይገኛሉ፤ ስንጥቁ የሚደፈነው በእድሳቱ ነው። አዲሱ መልክና የስንጥቁ መድፈኛ በአንድ ጥቅል ውስጥ ታስረው ስለሚላኩ፣ መልኩን እምቢ ያለ ሰው ቁልፉንም አብሮ እምቢ ይላል። ጎረቤቴ የጡረታ ሒሳባቸውን የሚያዩበት ቤት ለወራት በሩ ሳይጠገን ኖሯል ማለት ነው።

ይህ የአንድ ሽማግሌ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ2017 የለመዷቸው ቅጥያዎች የተሻሩባቸው ሰዎች ከ57ኛው እትም ሸሽተው በ56ኛው ላይ የቀሩ ነበሩ፤ በዚያ የቀረ ሰው ደግሞ የደኅንነት ጥገና የማያገኝ ሆነ። ሆኖም ሞዚላ አንድ የሚመሰገንበት ሥራ ነበረው። ከ2012 ጀምሮ ለመሥሪያ ቤቶችና ለትምህርት ቤቶች ተብሎ የሚዘጋጅ ሌላ እትም አለ፤ በዚህ እትም ላይ መልኩና ጠባዩ አንድ ዓመት ያህል ሳይለወጥ፣ የደኅንነቱ ጥገና ብቻ በየጊዜው ይመጣል። የቀድሞዎቹን ቅጥያዎች የሚቀበለው እንዲህ ያለው እትም እስከ 2018 ድረስ ጥገና ያገኝ ነበር። እንግዲህ ጥቅሉን ፈትቶ ቁልፉን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ መላክ የሚቻል ነገር ነው ማለት ነው። ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተደረገው ለአንድ ጡረተኛ የማይደረግበትን ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁትም፤ ችግሩ እንዲህ ያለ እትም መኖሩን ጡረተኛው የሚሰማበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

አቤቱታ ያልተሰማበት ጊዜ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ኖርዌይ መሻገር ይጠቅማል። የዚያ አገር ሥራ የሆነው ኦፔራ የተባለው ብራውዘር ለባለቤቱ ብዙ ምርጫ በመስጠት የታወቀ ነበር። በ2013 መሠረቱን ለውጦ 15ኛው እትም ሲወጣ፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ነገሮች ጎደሉ፤ ገጾችን ምልክት አድርጎ ማስቀመጫው ዕልባት እንኳ በቀድሞው አኳኋን አልተገኘም። አሮጌዎቹ ደንበኞች እጅግ አዘኑ። ከኦፔራ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ዮን ፎን ቴትዝክነር ከዚያ በፊት ድርጅቱን ለቀው ስለ ነበረ፣ ለእነዚህ ላዘኑ ሰዎች ቪቫልዲ የተባለ ሌላ ብራውዘር ማሠራት ጀመሩ። የሙከራ እትሙ በጥር 2015፣ ሙሉው በሚያዝያ 2016 ወጣ። ታቦቹን ከላይም፣ ከታችም፣ ከግራም፣ ከቀኝም ማድረግ የሚቻልበት ብራውዘር ነው። በቅሬታ የተሠራ ቤት ልንለው እንችላለን።

የተሰማበትንም ጊዜ እንይ። በሰኔ 2021 አፕል የሳፋሪን አዲስ መልክ ለሕዝብ አሳየ። በአይፎን ላይ የአድራሻው አሞሌ ወደ ታች ወርዶ በገጹ ላይ ተንሳፈፈ፤ በትልቁ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ አሞሌውና ታቦቹ በአንድ መስመር ተቀላቀሉ። የሙከራው እትም በእጃቸው የገባ ሰዎች አዝራሮቹ ተሸሸጉብን፣ ንባቡም ተሸፈነብን ብለው በክረምቱ ሙሉ ተናገሩ። ይህ ድርጅት አሳቡን በቀላሉ የሚለውጥ ነው ተብሎ አይታማም። ቢሆንም በየሙከራው እትም ንድፉ እየተሻሻለ ሄደ፤ በነሐሴም አሞሌውን ወደ ቀድሞ ቦታው ወደ ላይ የመመለስ ምርጫ ተጨመረ። በመስከረም ለሕዝብ ሲወጣ፣ በትልቁ ኮምፒዩተር ላይ ታቦቹ እንደ ጥንቱ በራሳቸው መስመር ሆነው ቀረቡ፤ የተቀላቀለውም መልክ ለወደደው ሰው በምርጫ ተቀመጠ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ነው። አቤቱታው ከመስከረም በኋላ ቢጀመር ኖሮ፣ ግድግዳው ከተመረገ በኋላ መስኮት ይከፈት እንደ ማለት በሆነ ነበር።

ስለዚህ ጭምጭምታ ሰምቶ የሚናገርን ሰው «ገና ያላየኸውን ትጠላለህ» ብሎ ዝም ማሰኘት ትክክል አይመስለኝም። ያልተፈጸመ ሥዕል ብቻ አይቶ መሳደብ በእርግጥ ነውር ነው። ነገር ግን ተጠቃሚው በሸንጎው ላይ ወንበር የለውም፤ ውሳኔው ሲሰጥ አልተጠራም፤ የደረሰው ወሬው ብቻ ነው፤ ወሬው ሲደርሰው ደግሞ ንድፉ ገና ሊታረም የሚችል ነው። በዚህ ጊዜ «አስቀያሚ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ጊዜውን በከንቱ አጥፍቷል፤ «በእኔ መስተዋት ላይ አራት መስመር ያጠፋብኛል፣ ሥዕሉም ይኸውላችሁ» ብሎ የጻፈ ግን የሚያከራክር ነገር አቅርቧል። ሠሪዎቹም ምን ያህል ሰው ይጠቀምበታል ብለው ከመገመታቸው በፊት፣ ዝም ያሉት ሰዎች እንዴት እንደሚቈጠሩ ቢያስቡበት መልካም ነበር። ጎረቤቴን የመሰሉ ሰዎች አቤቱታ አይጽፉም፤ ጨርቅ ነው የሚያለብሱት።

የሰፈሩ ልጅ የዘጋውን እድሳት እሳቸውን አስፈቅጄ ከፈትሁት። ለምን እንደሚያስፈልግ የገለጥሁላቸው በበሩ ቁልፍ ምሳሌ ሲሆን፣ ወዲያው ገባቸው፤ «መጀመሪያውኑ እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም» ከማለት በቀር አልተከራከሩኝም። አሁን ከደብዳቤው ጋራ ከተመለሱበት ብዙ ወራት ሆኗል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። የሰፈሩ ልጅ፣ ያው ቅኑ ልጅ፣ መልኩ እንደገና ሊለወጥ ነው የሚል ወሬ ነግሯቸዋል። እውነት መሆኑን ጠየቁኝ። ወሬ መኖሩን፣ ቀኑ ግን እንዳልተቈረጠ ነገርኋቸው።

«እንግዲያስ» አሉ፣ «ሥዕሉ ከተገኘ አምጣልኝ። ደብተሩን አስቀድመን እንጽፈዋለን፤ የማይሆነውንም ነገር አንተ ጻፍላቸው።»

ሥዕሉን እየፈለግሁላቸው ነው።